ዳኛው የመታት ጊደር

ውድ እህቴ፣

የኖቮትኒን ምራት የሽልማት ሪባን ከእጇ አልነጠቅኩም። ይህን ካስቀደምኩ በኋላ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? የኦማሃ ሙቀት ትንሽ ፋታ ሰጣችሁ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል ደህና ነኝ ማለቴ ነው፤ ለልጅሽ ለቨርሊን ስትነግሪው ሌላ ትርጉም አትጨምሪበት።

ደብዳቤሽን ጎረቤቴ አርዲት አነበበችልኝ። ኪያር እያሰናዳሁ እጄ ኮምጣጤ ውስጥ ስለነበር ነው። አርዲት ስታነብ ነጠላ ሰረዝ ላይ አታርፍም፤ እኛን ያስተማሩን መምህርት ቢሰሟት ጣቶቿን በማስመሪያ ባሏት ነበር። እንዲያም ሆኖ ነገሩ ገብቶኛል። በወረዳው የከብት ትርኢት ላይ በቅናት አብጄ የሰው ሽልማት ስቀማ ሰው ገላገለኝ ብለው ነግረውሻል። አንቺም አምነሽ፣ ቨርሊን ቅዳሜ የከብት መጫኛ መኪናውን ይዞ ላሞቼን «ለማየት» እንደሚመጣ ጽፈሻል። መጫኛ መኪና ይዞ የሚመጣ ሰው ለማየት አይመጣም። ለማየት ዓይን ይበቃል።

የሆነውን እንደሆነው ልንገርሽ።

ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ነበር። የውድድሩ አዳራሽ የቆርቆሮ ጣሪያ እንደ ከበሮ ይጮኻል፤ ሰጋቱራው ረጥቦ የከብቱ ሽታ ከሚጠበሰው ሊጥ ሽታ ጋር ተደባልቋል። ጊደሬን ዶርካስን ያጠብኳትም ያበጠርኳትም ራሴ ነኝ። እጄን ከትከሻዋ እስከ ጭራዋ ሥር ሳሳልፍ አንድ ጉድባ አላገኘሁባትም፤ ጀርባዋ እንደ ጠረጴዛ ልክ ነው። አባታችን በዘመኑ ሁሉ ከእሷ የተሻለች ቀይ የኸርፎርድ ዝርያ ጊደር አላረባም። ቨርሊን እስከ ማሰሪያው ድረስ መጥቶ «አክስቴ፣ በዚህ ዘመን ቀይ ከብት ማን ይገዛል? ገበያው ጥቁር ከብት ነው የሚለው» አለኝ። «ነገ ገበያው ሰማያዊ ቢል ላሞችህን ልትቀባ ነው?» አልኩት። ሳቀ። «እሺ፣ ብቻ የውድድሩ ሜዳ ውስጥ እንዳትጠፊብን» ብሎኝ ሄደ።

አልጠፋሁም። በየዕድሜያቸው ያሸነፉትን ጊደሮች ይዘን ለመጨረሻው ስንሰለፍ ዶርካስ ከመካከላቸው ነበረች። ደንቡን አልረሳሽው ይሆናል፤ ዳኛው ምንም ሳይናገር ይዞራል፣ ይዞራል፣ ከዚያ የበለጠችውን ታፋዋን በመዳፉ ጠፍ ያደርጋታል። ስም አይጠራም፤ በዚያች ምት ነው የሚታወቀው። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ከዚያ ጠፍ ሲል ሰማሁ፣ ከጎኔ። ዶርካስ ደነገጠች፤ የመሳቢያ ገመዷ እጄ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። እኔም እንደ ደንቡ አንድ እርምጃ ወጥቼ ሪባኑን ልቀበል እጄን ዘረጋሁ። ጨርቅ ነካኝና ያዝኩት። ነጠቀች የሚሉት ይህንን ነው።

«እማማ፣ የእርስዎ አይደለችም፤ የአጠገብዎ ናት» አለ ዳኛው፣ ድምፅ ማጉያውን ሳያጠፋ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከመቀመጫው አንዱ «በሰው ሠርግ ሙሽራ ሆነችላችሁ!» ብሎ ጮኸ፤ ሌላው ደግሞ «ተዋት፣ ወረፋ ጠብቃ ሰልችቷት ነው!» አለ። የኖቮትኒ ምራት ኬንድራ ግን አልሳቀችም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «አይዞዎት እትዬ፣ ከፈለጉ ትንሽ ይያዙት» አለችኝ። ከሳቁ ሁሉ ይልቅ የመረረኝ ይኼ ነው።

እንዴት ተሳሳትሽ ብትዪኝ ፀሐይ ዓይኔን ወግታኝ ነው። አርዲት «የምን ፀሐይ?» ትላለች። አርዲት መቼ ልብ ትላለች።

ዳኛው ሁለተኛ ያደረገን ለምን እንደሆነ ሲያስረዳ፣ ጊደሯ ግሩም ናት፣ ነገር ግን ያቀረቧት እመቤት አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብለው አላዩኝም አለ። ዓይንሽን ከዳኛው አትንቀዪ የሚለውን ሕግ የዚህ ልጅ አባት ሳይወለድ አውቀዋለሁ። ሰዎች ግን ኩራት ነው ብለዋል፤ አሮጊቷ ዳኛውን ንቃው ነው ብለዋል። ይበሉ። ይህንን ወሬ አላርምም፤ አንቺም አታርሚልኝ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። በፋሲካ ማዕድ ላይ፣ ቨርሊን እየሰማ፣ «በራስሽ እጅ የመሳቢያ ገመድ ይዘሽ የውድድር ሜዳ እስከገባሽ ድረስ የላሞቹ ሐራጅ ነገር አይነሳም» ያልሽው አንቺ ነሽ። ገባሁ። ወጣሁም። ማሸነፍ በውላችን አልነበረም። ሰው አይሳቅብሽ የሚልም አልነበረበትም፤ ሳቁን ችዬ ዶርካስን ወደ ማሰሪያዋ የመለስኳት እኔው ነኝ። አባታችን ከብቶቹን ለእኔ የተወው አንቺ ጫማሽ እንዳይቆሽሽ ብለሽ ከተማ ስለገባሽ ነው። በዚያ ወቅሼሽ አላውቅም። ዛሬ ግን በወጣትነትሽ የተጠየፍሽውን በረት በልጅሽ ጫማ ልትረግጪው ተነስተሻል፤ በዚህ እወቅስሻለሁ።

«ለአንቺው ደህንነት ነው» ትያለሽ። እኔ ላሞቼን በአረማመዳቸው ለይቼ አውቃለሁ፤ ስማቸውን ስጠራ ይመጣሉ። ቨርሊን ከተማ ውስጥ ያገኘልኝን የአረጋውያን ቤት ክፍል ሲያሞግስ «መስኮቱ ሰፊ ነው፣ ሜዳው ሁሉ ወለል ብሎ ይታያል» አለኝ። መስኮቱ ምን ያደርግልኛል?

ፊደሌ ከወትሮው ገዝፎ ብታዪው እስክሪብቶው አዲስ ስለሆነ ነው። መስመሬ ከተንሻፈፈም ጠረጴዛው ነው።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናው፤ ቤትሽን ከክፉ ይጠብቅልሽ፤ የዓይንሽንም ብርሃን እስከ መጨረሻዋ ቀን አይንሳሽ። ተቆጥቼሻለሁ እንጂ አልጠላሁሽም።

ነገ መጀመሪያ ዶርካስን ወደ ግጦሹ እለቃታለሁ። ቀጥዬ የመንገዱን በር በሰንሰለት እቆልፋለሁ፤ ቨርሊን ቅዳሜ ከመጣ በእግሩ ይግባ። ከዚያ ከጎተራው ረጅሙን ገመድ አውጥቼ ከኩሽናው በር እስከ በረቱ፣ ከበረቱ እስከ ውኃ ገንዳው በወገቤ ልክ እወጥረዋለሁ፤ አባታችን የበረዶ ማዕበል ሊመጣ ሲል፣ ምንም በማይታይበት ገመዱን በእጃችን ይዘን እንድንሄድ ያደርገው እንደነበረው። ነሐሴ መሆኑን፣ በረዶም እንደሌለ አውቃለሁ።

ታላቅ እህትሽ