የአማቴ ብር ቅብ ማንኪያዎች

ሰኞ፣ የካቲት 3

አማቴ እሁድ ለምሳ ይመጣሉ። ባሌ ጫማውን እያሰረ ነው የነገረኝ፣ እንደ ቀላል ነገር።

ለሠርጋችን የሰጡኝን ብር ቅብ ማንኪያና ሹካ አወጣሁ። ጉድ ፈላ። ለክፉ ቀን ብዬ በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ በላስቲክ አስሬ ነበር ያስቀመጥኩት። ላስቲኩ ያረፈበት ሁሉ ጥቁር መስመር። የቀረውም ጠቁሯል። ሲሰጡኝ "በደንብ ካልያዝሽው ለሴት ልጄ እሰጠዋለሁ" ብለውኛል፣ ፈገግ ብለው። ፈገግታው ነው የሚያስፈራው።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ብር ሠሪው ጋ ሄድኩ። የላስቲኩን መስመር ሲያይ ራሱን ነቀነቀ። ጋዜጣውን አልነገርኩትም።

"ብሩ ስስ ነው፣ ሥሩ ነሐስ ነው። በለስላሳ ጨርቅ፣ ቀስ ብለሽ። እጠቢ፣ ወዲያው አድርቂ፣ በጥጥ ጨርቅ ጠቅልዪ።" ትንሽ የማጽጃ ቅባትም ሰጠኝ። ቀስ ብዬ... እስከ እሁድ?

ዓርብ፣ የካቲት 7

ባሌ ሊያግዘኝ ተነሳ። የባሰ አታምጣ። ዞር ስል አንዱን ማንኪያ በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ፈገፈገው።

"አበራ እኮ" አለ።

አዎ፣ አበራ። ቢጫ ሆኖ።

"ወርቅ ቅብ ነው እንበላቸው።"

አልሳቅኩም። ወደ ግድግዳው ዞሬ ትንሽ ሳቅኩ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ሹካዎቹ ነጡ። ማንኪያዎቹ እምቢ አሉ። ክንዴ ዝሏል።

እሁድ፣ የካቲት 9

መጡ። ደህና ደህናውን እሳቸው ፊት ደረደርኩ። አንድ ጥቁር ማንኪያ እንዴት አምልጦኝ እዚያ እንደገባ አላውቅም። ያንኑ አነሱት።

"ያበራል?" አሉኝ።

ምን ማለታቸው ነው? በእጃቸው ይዘውት? "ያበራል፣ እማማ" አልኩ።

ባሌ ስልክ ሊያወራ ወጣ። እሳቸው ብርጭቆውን ሊያነሱ እጃቸውን ሰደዱ... ከብርጭቆው ጎን አየር ጨበጡ። እንደገና ሞከሩ። ያን ጊዜ ገባኝ።

"እማማ... ከመቼ ጀምሮ?"

"ቆየ። ለልጄ እንዳትነግሪው። ቤትሽን ዝጊና እኛ ጋ ነይ ይለኛል። እኔ ከቤቴ ወጥቼ አልኖርም።" ማንኪያውን በአውራ ጣታቸው አሻሹት። "ይሄም ጠቁሯል። የጸዳ ብር እንዲህ ጣት አይዝም።"

"አዎ፣ ጠቁሯል።"

"እንግዲያው ሆድ ይፍጀው። የኔንም፣ ያንቺንም።"

ባሌ ተመለሰ። ምን አወራችሁ አለ። ስለ ማንኪያ አልነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 20

ዛሬም ማንኪያዎቹን ይዤ እሳቸው ቤት ሄድኩ፣ ለባሌ ላጸዳ ነው ብዬ። ከዚያ አብረን ወደ ዓይን ሐኪም። የግራው ይመለሳል አለ፣ ቀዶ ጥገና ከተደረገ። የቀኙ ጊዜው አልፎበታል። ስንመለስ ክንዴን አጥብቀው ያዙ። በራቸው ላይ ስንደርስ "ማክሰኞም ነይ" አሉኝ። አዘንኩላቸው። ደስም አለኝ፣ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ባሌ ማታ ቦርሳዬን አየና "ይሄ ማንኪያ አያልቅም እንዴ?" አለ።

ገና ነው አልኩት።