ጨው የማይበላው ሻወር

ውድ ወንድሜ አትማን፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እኛ ደህና ነን፤ ሞምባሳም ካለችበት አልተነቃነቀችም። ባለፈው በላክኸው የድምፅ መልእክት «አባባ ምን ሆነው ነው ስደውል የማያናግሩኝ?» ብለሃል። መልሱ ረጅም ስለሆነ በስልክ ልነግርህ አልፈለግሁም። በስልክ ቶሎ ታለቅሳለህ፣ አንተ ስታለቅስ ደግሞ እኔ ወሬውን በአጭሩ እቆርጠዋለሁ። ስለዚህ በወረቀት ይሁን። ነገሩ የሻወር ጉዳይ ነው። አትሳቅ።

አንተ ወደ ሙስካት ስትሄድ የአባባ ግራ ጎን ደንዝዞ ነበር፤ ዛሬም እንደዚያው ነው። ግራ እጃቸው ጭናቸው ላይ ተኝቶ ይውላል፣ ግራ እግራቸው ሲጎትቱት ይከተላል። እማማ ከሞተች ወዲህ እሳቸውን የሚያጥብ ሰው አንተ ብቻ ነበርክ፤ በባሌ፣ በአማቻቸው እጅ መታጠብን ነውር ይሉታል። እኔ ሴት ልጅ ነኝ። አጎርሳለሁ፣ ጥፍር እቆርጣለሁ፣ ጫማ አስራለሁ፤ የመታጠቢያ ቤቱ በር ሲዘጋ ግን ሥራዬ ከበሩ ውጭ ያበቃል። ሕጉን እኔ አላወጣሁትም፤ ልሽረው ብል ደግሞ አባባ በሐፍረት ይሞታሉ። አንተም ይህን እያወቅህ «ለረመዳን እመጣለሁ» ብለህ ሄድክ። ረመዳን ሲመጣ «ለዒድ» አልክ፤ ዒድ ሲደርስ «ኮንትራቴ ታደሰ» አልክ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

መጀመሪያ በባልዲና በጣሳ ሊታጠቡ ሞከሩ። በርጩማ ላይ ተቀምጠው ውሃ ለመቅዳት ጎንበስ ሲሉ በደነዘዘው ጎናቸው ወደቁ። ከዚያ ወዲህ ጁምዓ በመጣ ቁጥር «ሳልታጠብ መስጊድ አልገባም» እያሉ ቤት መቅረት ጀመሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጀልባ አለቃ የነበሩ፣ ሰፈሩ እስከ ዛሬ ናሆዛ የሚላቸው ሰው፣ አዛን ሲሰሙ መስኮት መዝጋት አመጡ።

እኔም ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ኦማሪን ጠራሁት። ታውቀዋለህ፤ በሰፈራችን ወንድ ሲሞት አጥቦ የሚገንዘው እሱ ነው። እጁ ለስላሳ፣ አፉ ቁጥብ ነው። ሰው ማጠብ የሚያውቅ ሰው ካለ ምን ቸገረን አልኩ። አባባ፣ ኦማሪ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሲገባ ሲያዩት ከአልጋቸው ቀና አሉ።

«ኦማሪ፣ ማን ሞቶ ነው?»

«ኧረ ማንም አልሞተም ናሆዛ። ረሄማ ‹አባቴን እጠብልኝ› ብላኝ ነው።»

«እኔን?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ቀድመህ መጥተሃል። ሂድ፣ ሲጠሩህ ትመለሳለህ። ያን ጊዜ አልከራከርህም።»

ኦማሪ እየሳቀ ወጣ። እኔ ግን የሠራሁትን ስህተት ያየሁት ትንሽ ቆይቶ ነው። እሱ ፎጣ ይዞ ወደኛ ቤት ሲገባ ያዩ ሴቶች ጥቁራቸውን ለብሰው ለለቅሶ መጡ። አባባ በመስኮት ብቅ ብለው «ግቡ፣ ሟቹ እኔ ነኝ፤ ሻይ ግን የለም» ብለው መለሷቸው።

መፍትሔውን ያመጣው የቧንቧ ሠራተኛው ካታና ነው፤ ባለ ሁለት ራስ ሻወር። አንዱ ራስ ግድግዳው ላይ ተተክሎ ከላይ ያወርዳል፣ ሌላው ቱቦ ላይ ሆኖ በእጅ ይያዛል። አንድ እጅ ብቻ ለሚሠራለት ሰው ሁለቱም ያስፈልጉታል። በእጅ የሚያዘው ብቻ ቢሆን ሳሙናውን በምን ይይዘዋል? ከላይ እየወረደለት በደህናው እጁ ይታሻል፤ ከዚያ ቁልፉን አዙሮ ከላይ የማይደርሰውን በእጅ በሚያዘው ይለቃለቃል።

አባባን በባጃጅ ወደ ቧንቧ ዕቃ ሻጩ ሙርታዛ ሱቅ ወሰድኳቸው። ሙርታዛ ሁለት ዓይነት አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። አንዱ መስታወት የሚመስል የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ፣ ሌላው ደብዘዝ ያለ ከባድ ናስ ነው።

«የናሱን ይውሰዱ ናሆዛ» አለ። «የእናንተ ሰፈር የጉድጓድ ውሃ ጨው ነው። ያንን ፕላስቲክ ሳይውል ሳያድር ይበላዋል። ይኼኛው ግን የዕድሜ ልክ ነው።»

«ምን አልክ? ዕድሜ ልኬን ብቻዬን ልታጠብ ነው እንዴ? ልጄ መንገድ ላይ ነው። እሱ እስኪመጣ የሚያደርሰኝን ስጠኝ።»

«ቢመጣስ አባባ፣ ጠንካራ ዕቃ ይጠላል?» አልኩ።

«አንቺ ደግሞ! ወንድምሽ የማይመጣ ይመስል!»

የሚያብረቀርቀውን አንስተው ብብታቸው ሥር ወሸቁት። ያኔ ገባኝ። ጠንካራውን መምረጥ ለእሳቸው አንተ አትመጣም ብሎ ማመን ነበር። ደካማውን የመረጡት አንተን አምነው ነው። ምን ልበላቸው? ሒሳቡን ከፈልኩ።

መጀመሪያ ሰሞን ጥሩ ነበር፤ ታጥበው መስጊድም ሄዱ። ከዚያ ጨዉ ሥራውን ጀመረ። ቀዳዳዎቹ አንድ በአንድ ተደፈኑ። በአቼቶ ዘፈዘፍኩት፣ በሎሚ አሸሁት፣ በመርፌ ወጋጋሁት። ያ ሁሉ ቅብ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጠ። ያልተደፈኑት ቀዳዳዎች ደግሞ አንዱ ጣሪያውን፣ ሌላው በሩን ያጠጣል። «እንቀይረው» ባልኩ ቁጥር መልሳቸው «እሱ እስኪመጣ ይበቃል» ነበር።

አንድ ጁምዓ ጠዋት ከውስጥ ጠሩኝ።

«ረሄማ!»

«አቤት አባባ?»

«ቁልፉ ተሰብሮ እጄ ላይ ቀረ። ከላይም የለም፣ ከታችም የለም። ሳሙናው ዓይኔ ገብቷል።»

«እንዳይነሱ! ወለሉ ያንሸራትታል። ካታናን ልጥራው?»

«እሱ እስኪደርስ ዓይኔ ይጠፋል።»

ባሌ ወደብ ሥራ ላይ ነው፤ ቤት ውስጥ ወንድ የለም። በመጨረሻ «ዓይንሽን ሸፍነሽ ግቢ» አሉኝ። ሻሼን ዓይኔ ላይ አሰርኩና በጋሪ የሚመጣልንን ጨው የሌለው የመጠጥ ውሃ ከነጀሪካኑ ይዤ ገባሁ።

«ወደ ቀኝ። ቀኝ እኮ ነው ያልኩሽ ልጄ፣ ያ ግድግዳ ነው! አሁን ቀጥ ብለሽ ነይ። ቁሚ። ከፍ አድርጊው። አፍስሺ።»

ያንን ድምፅ ታውቀዋለህ፤ ጀልባ ወደብ ሲያስገቡ የሚያወጡት ድምፅ ነው። ግማሹን ውሃ በራሴ እግር ላይ አፈሰስኩት። ከዚያ ማዘዛቸውን ተዉ። ውሃውም አለቀ። ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማኝ ነበር። እኔም በበሩ በኩል እየዳበስኩ ወጣሁ። ያን ቀን በጣም ጠላሁህ አትማን። አሁን ለቆኛል፤ እንድታውቀው ያህል ነው።

መስጊድ አልሄዱም። በኮኮናት ያበሰልኩትን ባቄላም አልቀመሱም። በማግሥቱ ግን ከእኔ ቀድመው ለብሰው በር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ባጃጅ ጥሪ» አሉኝ።

ሙርታዛ እንዳያቸው እንደ ልማዱ «አትማን መጣ እንዴ ናሆዛ?» አላቸው። ሁሌ ይጠይቃል፣ እሳቸውም ሁሌ «መንገድ ላይ ነው» ይሉታል።

«አይመጣም» አሉ።

ሙርታዛ ወደ እኔ አየ። እኔ የተደረደሩትን ቧንቧዎች አየሁ።

«የማይሞተውን አውጣ» አሉት።

እንዲህ ዓይነት ዕቃ አገዛዝ አይቼ አላውቅም። ናሱን በቀኝ እጃቸው አንስተው መዘኑት። ማግኔት አስመጥተው አስጠጉት፤ አልያዘም። «ብረት ተደብቆ አልገባበትም» አሉ። የቀዳዳዎቹ ጫፍ ለስላሳ ጎማ ነው፤ ጨው ሲይዘው በአውራ ጣት ጠረግ ማድረግ ብቻ ነው። ቱቦው ከማይዝግ ብረት የተጠለፈ መሆኑን በጣታቸው ዳበሱ። በመጨረሻ «ሳሙና አለህ?» አሉ። ሙርታዛ ግራ ገብቶት ከጓዳ አመጣላቸው። እጃቸውን ሳሙና ቀብተው ቁልፉን ለማዞር ሞከሩ። ክቡ ቁልፍ አዳለጣቸው፤ መለሱት። ክንፍ ያለው ግን ታዘዘላቸው።

«ይኼስ ምን ያህል ይቆያል?»

«እውነቱን ልንገርዎት ናሆዛ? ከእርስዎ በኋላም ይቆያል።»

«በል ጠቅልልልኝ።»

ካታና ቁልፉን ዝቅ አድርጎ በበርጩማው ቁመት ልክ ተከለላቸው። በመጀመሪያው ጁምዓ እንደ ልማዴ በሩ ሥር ቁጭ ብዬ ነበር። «ምን ትጠብቂያለሽ? ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ» አሉኝ ከውስጥ። ብዙ ቆዩ። ወጥተው ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ በትራቸውን ተደግፈው ብቻቸውን ሄዱ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ አባባን ለማጠብ ብለህ አትምጣ። አላህ ይመስገን፣ በአንድ እጃቸው ራሳቸውን ችለዋል። ከናፈቁህ ግን ና፤ በሩ ክፍት ነው።

ለጥያቄህም መልሱ ይኸውና። የማያናግሩህ ተቆጥተው እንዳይሆን ብዬ ራሳቸውን ጠየቅኋቸው። አልተቆጡም። ስልኩን ቀስ አድርገው ወደ እኔ ገፉና «ምን እለዋለሁ ብለሽ ነው? እስከ ዛሬ የማወራው እንዲመጣ ነበር» አሉኝ።

እህትህ ረሄማ