በልጄ ጀርባ ላይ ስለ ተሰጠው የእገዳ ትእዛዝ

ግምጃ ቤት ከተማ፣ ጥቅምት ፲፰ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ለተከበሩ የወረዳችን ሹም፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎስ እንዴት ነው? ብዙ የሚቀመጥ ሰው ወገቡን ያመዋል ሲሉ ሰምቼ ሳስብልዎ ሰነበትሁ። እኔም፣ ባለቤቴ እናትነሽም፣ የሦስት ወሩ ልጃችን ክንዴም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን። ይህን ደብዳቤ በገበያው ዋርካ ላይ መለጠፌ ከድፍረት አይቆጠርብኝ፤ በእጅዎ የገባ ወረቀት የት እንደሚደርስ ስለማውቅ ነው።

ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አስቀድሜ ልመን። ክንዴ ሲወለድ ወገቡ ላይ የእንቁላል ያህል እብጠት ነበረበት፤ ሲያድግ ይጠፋል ያለኝን ሁሉ አመንሁ፤ ማመን አያደክምም። ባለፈው ወር እንጅባራ የመጣ ሐኪም ግን ልጁን ገልብጦ አየና፣ የአከርካሪው አጥንት ሳይገጥም መቅረቱን፣ እግሮቹም ምናልባት እንደማይታዘዙት፣ እብጠቱን የሸፈነው ስስ ቆዳ ሳይፈነዳ አዲስ አበባ ሆስፒታል ካልደረሰም እንደማይተርፍልን ነገረን። ለዚህም የእርስዎ ማኅተም ያረፈበት መሸኛ ደብዳቤ ብቻ ይበቃል አለ። «ብቻ» ማለቱ ለአገሩ እንግዳ ስለሆነ ነው።

፩ኛ፤ እኔ ዐሥራ ሁለት ዓመት በፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ ለገበሬው ሁሉ የወሰን ክርክር ማመልከቻ ስጽፍ የኖርሁ ሰው ነኝ። ለልጄ መሸኛ ለመጠየቅ ስጽፍም እጄ የለመደውን ጻፈ። እብጠቱ ያለበትን ቦታ ሳስረዳ፣ «በምሥራቅ የቀኝ ጎኑ፣ በምዕራብ የግራ ጎኑ፣ በሰሜን ትከሻው፣ በደቡብ መቀመጫው የሚያዋስኑት» አልሁ። ደጋግሜ አነበብሁትና፣ ይቅር ይበለኝ፣ በአጻጻፌ ኮራሁ።

፪ኛ፤ መሥሪያ ቤትዎ ይህን አንብቦ ነገሩን ወደ መሬት ጉዳይ ክፍል ስለ መራልን፣ ታይቶ በማይታወቅ ፍጥነትም በዐሥር ቀን ውስጥ፣ «ሽማግሌዎች ወሰኑን እስኪለኩ ድረስ ማንም ቦታውን እንዳይነካ፣ ባለበት ይቆይ» የሚል ትእዛዝ በሦስት ማኅተም አስከብሮ ስለ ላከልን ከልብ እናመሰግናለን። ከሦስቱ አንዱ መሸኛ ላይ ቢያርፍ ኖሮ ዛሬ አዲስ አበባ በነበርን። እብጠቱን በየሁለት ቀኑ ያጥብለት የነበረው የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ አቶ ደርበው፣ ትእዛዙን አይቶ እጁን ሰበሰበ፤ ልጆች ያሉት ሰው ነውና አልፈርድበትም። ማጠቡን እናትነሽ በፈላ ውሃና በንጹሕ ጨርቅ ይዛዋለች።

፫ኛ፤ ስሕተቱን ላርም ብመጣ፣ የማመልከቻ ጸሐፊው ጥፋት ከሆነ እሱን ከስሼ እንድመጣ ዋና ጸሐፊዎ መከሩኝ። ጸሐፊው እኔው ነኝ ብላቸው፣ እንግዲያው መጥሪያውን ራስህ ውሰድለት አሉኝ። ወስጄለታለሁ፤ እስካሁን ግን አልቀረበም።

አራተኛው አቤቱታ እርስዎን አይመለከትም። በክርስትናው ዕለት ሰው እንዳያየው ብዬ ልጁን በጋቢ ጠቅልዬ ይዤው ነበር፤ አፍሬበት ነበር። እናትነሽ ግን ከእጄ ተቀብላ ገለጠችውና «ልጄ ነው፣ እዩት» ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ አሳየች። እግሩን ስነካው አያውቀኝም፤ ጉንጩን ስነካው ይስቅልኛል። ያን የመሰለ ልጅ መደበቄን ሳስበው ዛሬም ይቆጨኛል።

ስላደከምሁዎ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ወንበርዎ እንዲጸናልዎ፣ የማኅተምዎም ቀለም እንዳይደርቅብዎ እየተመኘሁ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

ሽባባው አየነው
የሰው ሁሉ ማመልከቻ ጸሐፊ፣ የራሱን ግን ያልቻለ

ከፊርማ በኋላ የታሰበ፤ ነገ ከዳንግላ የሚመጣውን አውቶቡስ እንጅባራ ላይ ጠብቀን፣ ያለ መሸኛ ልጃችንን ይዘን እንሄዳለን፤ ሽማግሌዎቹ ሊለኩ ሲመጡ ቢያጡን አይቀየሙን። ትእዛዝዎ በስተመጨረሻው፣ «የቦታው ባለቤት ነኝ የሚል በሠላሳ ቀን ውስጥ ይቅረብ» ይላል። እነሆ ቀርቤአለሁ፤ ጀርባውም የማይታዘዙት እግሮቹም የእኔ ናቸው። ከመሥሪያ ቤትዎም ይህ ጉዳይ የእኔ ነው የሚል ይመጣ ይሆን ብዬ ቀኑን ሙሉ ጠበቅሁ፤ ማንም አልመጣም።