የተጠያቂዋ ስም

ይድረስ ለውዷ እናቴ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ። እንዴት ከረምሽ እማዬ? ወገብሽስ ተሻለሽ? የደባርቅ ብርድ ዘንድሮ ብሷል ሲሉ ሰምቼ አሳሰብሽኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ ጤና ነኝ፤ አንድ ነገር ብቻ ከብዶኛል። በስልክ ያልነገርሁሽ አባባ ድምፁን ከፍ አድርገው አብረው ስለሚሰሙ ነው። እንኳንም ደባርቅ ከገባን በኋላ ፊደል ቆጠርሽ፤ ይህን ለማንም አታስነብቢው።

ነገሩ የመመረቂያ ጽሑፌ ነው። ከፓርኩ ውስጥ፣ ከጊች መንደር ተነሥተን ወደ ደባርቅ ስለወረድነው ሰዎች እንደምጽፍ ታውቂያለሽ። በክረምት የነገርሽኝንም አስገብቼው ነበር፤ አባባ በሊማሊሞ በኩል ቆላ ገበያ በወረዱበት ሳምንት፣ እኔ ከስምንተኛ ክፍል በላይ እንድማር ብለሽ መንደሩን በምንለቅበት ውል ላይ ከስማቸው ጎን አሻራሽን ማኖርሽን። “አንዲት የጊች እናት እንዳለችው” ብዬ አለፍሁት።

አማካሪዬ መምህር ቃለ አብ በቀይ እስክሪብቶ ከበቡት። “'አንዲት እናት' ምንጭ አትሆንም። ማን ናት? የትና መቼ ነገረችሽ?” አሉኝ። ስሟ ቢወጣ ትጎዳለች አልኋቸው። “እንግዲያው ፈቃዷን ጠይቂና በምስጢር ስም ጥቀሻት” አሉኝ።

የምስጢር ስም ምን ያደርግልናል? ባሏ በዚያ ሳምንት ቆላ የወረደ፣ አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ያለቻት፤ የጊች ሰው ሁሉ ያውቅሻል። አባባ ደግሞ ጽሑፉ ሲያልቅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዳነብላቸው ቃል አስገብተውኛል። “በሌለሁበት ቤቴን የፈረመብኝ ወንድሜ ነው” ብለው ይኸው ዘጠኝ ዓመት አጎቴን ባሽርን አያናግሩም።

ቅዳሜ እሳቸው ወዳሉበት ወደ ዳባት ሄድሁ። የአጎቴን ቃል ባገኝ ያንቺን እተወዋለሁ ብዬ ነው። ሱቃቸው ውስጥ ጨርቅ እየለኩ አዳመጡኝና፣ “ባሽር ፈረመ ብለሽ ጻፊ። ስሜን እስከ አያቴ አስገቢው” አሉኝ።

“እውነት እርስዎ ነዎት?” አልኋቸው።

መቀሱን አስቀመጡ። “እናትሽ የአሻራውን ቀለም ከጣቷ በአመድ ስታሽ ውሃ ያፈሰስሁላት እኔ ነኝ። በይ አሁን ጻፊ” አሉኝ።

ይህን አልነገርሽኝም ነበር፣ እማዬ።

መምህር ቃለ አብ እንደሚፈልጉት ሙሉ ስም፣ ቦታና ቀን ያለው ምንጭ አሁን በእጄ አለ፤ ውሸት ነው። እውነቱን ብጽፍ ቤታችን ይፈርሳል። ሁለት ቀን ወረቀቱ ላይ አፍጥጬ ዋልሁ። በመጨረሻ ያንን ገጽ እንዳለ ከጽሑፉ አወጣሁት። መምህሬ “አሁን ጠራ” ብለው ፈረሙልኝ። ጓደኞቼ እልል አሉልኝ።

ለዒድ እመጣለሁ ብዬሽ ነበር። አባባ አንብቢልኝ ሲሉኝ ያ ገጽ የነበረበትን ቦታ በምን ድምፅ እንደማልፈው አላውቅም። አጎቴ ባሽር ለዒድ ቤታችን ከተጠሩ እመጣለሁ፤ አለዚያ እዚሁ እውላለሁ። መጥራቱ ያንቺ ነው፣ እማዬ። እኔ አልችልም።

አላህ ጤናሽን ይመልስልሽ፤ ልብሽንም ያጽናልሽ። አባባን ሰላም በይልኝ።

አንዲት ልጅሽ