ለማሽን የሚስቅ ባል

ይድረስ ቦምቤይ ላለው ወንድምዓለሜ፣ ለሱቢማል፦

እንዴት ከርመሃል? ቴሌግራም ቤት ወንበር ላይ ተጎልተህ ስትውል የሚነዝርህ ወገብህስ ተሻለው ወይ? እትዬ ካማሊካ እንዴት ናት? ልጆቹ ባሕር ዳር እየዋሉ ጉንፋን አልያዛቸውም? ዝናቡ ግቢያችንን ኩሬ ቢያደርገውም እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ያላረፈው ልቤ ነው። እንዲያውም ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ አንድ ነገር ላውጣጣህ ፈልጌ ነው። ቆይ፣ እደርስበታለሁ።

ባለፈው፣ ከመጪው የዱርጋ በዓል በፊት መጥተህ ውሰደኝ ብዬ ጽፌልህ ነበር። ምን ላድርግ ወንድምዓለም! ስትድሩኝ ሞሂቴሽ ሥራውን አክባሪ፣ መጠጥ የማይቀምስ፣ ጨዋ ነው አላችሁኝ። ጨዋስ ጨዋ ነው፤ አፍ ግን የለውም። ከእኔ ጋር ወሬው "ጨው አነሰው" እና "ጃንጥላዬን አየሽው?" ነው። ጎህ ሲቀድ ግን ይነሣና ከደረጃው ሥር ወዳለችው ክፍል ገብቶ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ በትርፍ ጊዜው ከሩቅ ሰው ጋር የሚላላክበትን አማተር ራዲዮውን ይከፍታል። የመልእክት መምቻ ቁልፉን በጣቱ ጢጥ ጢጥ ያደርጋል፤ ከወዲያ የሆነ ሰው ጢጥ ጢጥ ብሎ ይመልስለታል፤ ይሄኔ ሰውዬው ይስቃል! ለእኔ ጥርሱን አሳይቶኝ የማያውቅ ሰው ለማሽን ይስቃል። አንተ ብትሆን አትጠረጥርም? አማቴ ደግሞ ነገር ማባባስ ይወዳሉ፤ "ልጄ የተዳረው ለሽቦ ነው፤ አንቺ ሚዜ ነሽ" ይሉኛል።

ሽቦ መቼም ወሬ አያውቅም። ከሽቦው ወዲያ ሰው አለ፤ ሰው ካለ ደግሞ ሴት ናት አልኩ። ልጠይቀው እልና፣ ቢዋሸኝ በምን አውቃለሁ? ለዚህ ነው ለማንም እንዳትናገር በእናታችን ስም አስምዬ የዚያን የጢጥታ ቋንቋ፣ የሞርሱን ፊደል ላክልኝ ያልኩህ። ሽንኩርት ስከትፍ በአፌ፣ ወጥ ሳማስል በጭልፋዬ ተለማመድኩት፤ አጭሩ ዲት፣ ረጅሙ ዳ። አማቴ ጭልፋው ክዳን ሲመታ ሰምተው "ይቺ ልጅ ማንን ነው የምትጠራው? ጋኔን ሳቢ ናት እንዴ!" ብለው ጋኔን እንዲያባርርላቸው ኩሽናው በር ላይ ሎሚና ቃሪያ አንጠለጠሉብኝ።

ከዚያ በየማለዳው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ማድመጥ ጀመርኩ። ወይ የጀማሪ ነገር! አንዱን ፊደል ስይዝ አሥሩ ያመልጠኛል። ለሙሪ ፈንዲሻ ሲቆላ እየተፈናጠረ እጅ ላይ አልቀር እንደሚለው ሩዝ ሆነብኝ። ተስፋ ልቆርጥ ስል፣ አንድ ማለዳ ድምፁ ረገብ አለ፤ የእሱም፣ የዚያኛዋም። ለሕፃን እንደማጉረስ፣ አንድ አንድ እያሉ ይመቱት ጀመር። ደስ ያለኝ እንዳይመስልህ፤ ብሶ ተቃጠልኩ። ለእኔ መቼ እንዲህ ቀስ ብሎ አውርቶኝ ያውቃል? እጁ የለሰለሰው ፍቅር ይዞት ነው አልኩ። በዚያው ሰሞን ስሟን ያዝኩ፦ ታራ። ዛሬ ዝናብ ነው፣ ኢሊሽ ዓሣ ገበያ ወጥቷል ሲላትም ሰማሁ። ስለ ዓሣ! ዓሣውን የማበስለው እኔ ቆሜ፣ ወሬው ለታራ! ሣጥኔን ሸክፌ የጻፍኩልህ ያን ዕለት ነው።

አንተ ግን ድምፅህ ጠፋ፤ የእኔም ትዕግሥት አለቀ። ባለፈው እሑድ ማለዳ በሩን በርግጄ ገባሁና "ማን ነሽ?" ብዬ ልመታላት ወደ ቁልፉ ተወረወርኩ። ሞሂቴሽ እጄን ቀብ አደረገና፣ "ኧረ በፈጠረሽ! ፈተና ሳትወስጂ፣ ፈቃድ ሳይኖርሽ አየር ላይ ከወጣሽ ጣቢያዬን ይዘጉብኛል" ብሎ ለመነኝ። ትዳሩ ሊፈርስ ነው፣ እሱ ስለ ፈቃድ ይጨነቃል! እንግዲያውስ አንተ ጠይቃት፤ አንዲት ፊደል ብትለውጥ አውቅብሃለሁ አልኩት። ላቡ እየወረደ፣ ባለቤቴ ማን ነሽ እያለችሽ ነው ብሎ መታላት።

መልሱ ቀስ ብሎ መጣ፤ አንድም ፊደል አላመለጠኝም። ታራ እባላለሁ፤ ኩርሴዮንግ ተራራ ላይ የምኖር ጡረተኛ አስተማሪ ነኝ፤ ሰባ ዓመት አልፎኛል አለች። ደረጃው ላይ የምትቀመጠው ጀማሪ አንቺ ነሽ ወይ? ባልሽ "ቀስ በይ፣ የምታዳምጠን ጀማሪ አለች" ካለኝ ሰነበተ። በእኛ ደንብ ፈጣኑ ነው ዘገምተኛውን የሚጠብቀው፤ እንኳን ደህና መጣሽ አለችኝ።

ዞሬ አየሁት። መሬት መሬት እያየ፣ ዝናቡንም ዓሣውንም የነገርኩት ላንቺ ነበር፤ በአፌ አይመጣልኝም አለኝ። ወንድምዓለም፣ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ደረጃው ላይ መቀመጤን አይቶ ይሆናል፣ ይሁን። ሞርስ መማሬን ግን ከአንተ በቀር ማን ያውቃል? ድምፁ የረገበው ደግሞ ከአንተ ለእሱ ደብዳቤ በመጣ ማግስት ነው። በእናታችን ስም አስምዬህ ነገርከው! ውሰደኝ ስልህ ዝም ያልከውም ለካ ለዚህ ኖሯል። እሱን ብጠይቀው ጭልፋሽን ሰምቼ ነው ይላል። አምናለሁ ብላችሁ ከሆነ ሲያምራችሁ ይቅር!

ሣጥኔን ፈትቻለሁ፤ አትምጣ። ለፈተናው ካልካታ እሄዳለሁ፤ የሚያስጠናኝ እሱ ነው። አደራ፣ ልቧ ተመለሰ ብለህ ግን እንዳትዘናጋ። ፈቃዱን የምፈልገው ታራ ሰባ ዓመቷ ይሁን ሃያ፣ በራሴ እጅ ጠይቄ ላጣራ ነው። ፊቷን እኮ አላየሁም!

እትዬ ካማሊካን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ። ቱቱልን በትምህርትሽ በርቺ፣ ቢሉን ደግሞ ጣትህን መጥባት ተው ብላሃለች በልልኝ። አማቴ ሰላም ብለውሃል፤ ሎሚና ቃሪያውን ግን እስካሁን አላወረዱትም። ሞሂቴሽም አሁን አጠገቤ ሻዩን እየጠጣ፣ "ለሱቢማል ሰላም በይልኝ" አለና ሳቀ። ማሽኑ ጠፍቶ ነበር።

እህትህ ጁቲካ

ክሪሽናናጋር፣ በቤንጋል አቆጣጠር ስራቦን 18 ቀን 1394