ዋንዛውን ያልነቀለው ማን ነው

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ለእታለም ጽጌማርያም፤

እንደምን ሰነበትሽ? ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? የደሴ ብርድ ወገብሽን እንዴት አደረገው? ጋሽ ተክለብርሃንስ ጉልበቱ ተሻለው ወይስ ዛሬም ደረጃ በወጣ ቁጥር ያጉረመርማል? ሀኒ ለፈተናዋ በርትታ እያጠናች ነው? ነብዩስ የወለቀው የፊት ጥርሱ በቀለለት? እኛ እዚህ ዲላ እማዬም፣ ኤልቤቴልም፣ እኔም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬ የግፊቷን መድኃኒት ሳታዛንፍ ትውጣለች፤ ጨው ቀንሺ ስትባል ግን አትሰማም። ዝናቡም ዘንድሮ አልጨከነብንም፤ ጓሮው ሁሉ ለምልሟል። የጤናው ነገር ይኸው ነው፤ ንዴቴን ደግሞ ከዚህ በታች ታገኚዋለሽ።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈህ እንደምትዪኝ አውቃለሁ። እታለም፣ አንቺ በደወልሽ ጊዜ የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እኔ አይደለሁም። በግንቦት መጀመሪያ አንድ እሁድ ደውለሽ፣ ዋንዛው ሰኔ ሳይወጣ ይቆረጥ፣ በቦታው የሚከራዩ ክፍሎች ይሠሩ፣ ሀኒ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የምትደገፍበት ነገር ይኑር፣ ዛፍ እንደሆነ ኪራይ አይከፍልም ብለሽ ጨረስሽ። እኔ ገና ግን እኮ ከማለቴ ስልኩ ተዘጋ። ኔትወርኩ ይሁን አንቺ ትሁኚ የዘጋው፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ወረቀት ግን አይዘጋብኝም፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው ታነቢኛለሽ። የሚያንገበግበኝ የዛፉ ነገር ብቻ አይደለም፤ እማዬ ናት። ከሰዓት በኋላ ወንበሯን ይዛ ከዚያ ጥላ ሥር ካልተቀመጠች ቀኑ አይመሽላትም። ላንቺ ግን አይሆንም አትልሽም፤ ብላሽም አታውቅም።

እንግዲህ ሳልነግርሽ ያደረግኩትን ልንገርሽ። የከተማችን መምህራንና ነጋዴዎች ከዙሪያው ቡና ገበሬዎች ጋር ሆነው በግንቦት መጨረሻ የዛፍና የደን የጥበብ በዓል አዘጋጅተው ነበር። ሥዕሉም፣ ዘፈኑም፣ ድራማውም፣ የእንጨት ቅርጻቅርጹም ሁሉ ስለ ዛፍ ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ገበየሁ ነው፤ ያ ከምሳ ይልቅ ስብሰባ ቢቀርበት የሚከፋው ሰውዬ፣ ታስታውሺዋለሽ። ታፔላ ጻፊ ስለሆንኩ ሥዕሉንም ጽሑፉንም እኔ ላይ ጫነው። ለማኅበረሰቡ ነው አለኝ፤ ለማኅበረሰቡ ሲሉሽ ደግሞ በነጻ ማለታቸው ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ስቦኝ እሺ አልኩ። ዳኞች በየሰፈሩ እየዞሩ ለውድድር የቀረቡትን ዛፎች ያያሉ፣ ታሪካቸውን ይሰማሉ። ለተመረጠው ዛፍ የተከለው ሰው ስም የተጻፈበት ታፔላ ይቆምለታል፤ የሰፈሩ ሰውም ዛፉን ላይነካ በሕዝብ ፊት ቃል ይገባል። ይህን ስሰማ የአባዬ ዋንዛ ከተመረጠ እህቴ ሕዝብ ቃል በገባበት ዛፍ ላይ መጋዝ አታነሳም ብዬ አስመዘገብኩት። ተንኮል ነው ካልሽ ተንኮል ነው፤ አልክድም።

በዓሉ ግን ገና ከመጀመሪያው ቆሽቴን አሳረረው። በዋዜማው የእንግዳ መቀበያ በር ይሠራ ተባለ። መቼም በእኛ ከተማ በሩ በለምለም ቅጠል ካልተሸፈነ እንግዳ የመጣ አይመስለንም። ወጣቶቹ ሮጠው ሄደው ባለፈው ክረምት የተተከለውን ለጋ ጽድ ከነግንዱ ቆራርጠው ይዘው መጡ። ለዛፍ በዓል ዛፍ ትቆርጣላችሁ ወይ ብላቸው፣ ታዲያ በሩ በምን ይመር ብለው ሳቁብኝ። አቶ ገበየሁም መጥቶ አየና በጣም አምሯል ብሎ አመሰገናቸው። ከበሩ በላይ ዛፎቻችንን እንጠብቅ ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ በማግስቱ ጽዱ እየጠወለገ በጽሑፌ ሥር ስመላለስ ዋልኩ። የቆሙትን ዛፎችም አልማሯቸው፤ ግንዳቸውን እስከ ወገባቸው ኖራ ለቀለቋቸው።

ሥራዬን ሁሉ ትቼ የሣልኩት ትልቅ ሥዕል ነበር፤ ዋንዛ ከላይ፣ ቡናና እንሰት ከሥሩ፣ ሴቶች ቡና ሲለቅሙ። ጠዋት ስመጣ ከፊቱ ሞንታርቦ ደርድረውበታል። የዋንዛው ጫፍ ብቻ ከሞንታርቦው በላይ ይታያል። አንሱልኝ ብዬ ብለምን ሌላ ቦታ ገመዱ አይደርስም አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ ያለኝ ነገርም አልጠፋም። ከገደብ የመጡ ሴቶች ደን ውስጥ እንደሚጠራሩ ሆነው በጌዴኦኛ አንድ ዜማ ጀመሩ፤ አንዷ ስታወጣ ሌሎቹ ከሩቅ ሲመልሱላት አንጀት ይበላል። እማዬ ቃሉ ሳይገባት እንባዋ መጣ። ምን ያደርጋል፣ የክብር እንግዳው ደረሱ ተብሎ መሃል ላይ ተቋረጠ። ከዚያ ንግግር፣ ከንግግሩ በኋላ ሌላ ንግግር ሆነ። ሴቶቹ ተመልሰው ሳይጠሩ መኪናቸው ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ዳኞቹ ወደ እኛ ደጅ መጡ። አቶ ገበየሁ ከፊት ነው፤ ከዳኞቹ አንዱ ደግሞ ከኢዲዶ የመጡት አቶ ገመቹ ናቸው፤ ሰፊ የቡና ማሳ ያላቸው፣ በአካባቢያቸው የሚከበሩ ሽማግሌ። ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቧል። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ አባዬ ከወሎ በመምህርነት ተመድቦ ዲላ በገባ ጊዜ ይህን ዋንዛ በገዛ እጁ ተክሎ ውኃ እያጠጣ አሳደገው ብዬ ጀመርኩ። ይህን ታሪክ ስንቴ እንዳወራሁት አንቺም ታውቂያለሽ። ማን እንደነገረኝ ግን ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ገና ሳልጨርስ ጎረቤታችን ጋሽ ባልቻ ከአጥሩ ማዶ፣ ተው እንጂ ጥበቡ፣ ያን ዛፍ የተከልኩት እኔ ነኝ አይል መሰለሽ።

ሱቁ ውስጥ ስንት ዘመን ስኳርና ሳሙና በዱቤ የሰጠን ሰው ነው፤ በሐሰት አይታማም። ካላመናችሁ አጥሬን እዩት አለ፤ ዛፉ ጋ ሲደርስ ወደ እኔ ግቢ ጎብጧል፣ የራሴ ዛፍ ባይሆን ቦታዬን እለቅለት ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየ፤ እውነትም ጎብጧል። እዚያው ግቢ ተወልጄ አድጌ ያን ጉብጠት ልብ ያልኩት ያን ዕለት ነው። እኔም በእልክ የአባቴን ስም አታጥፋ አልኩት፤ እሱም አባትህ ጠመኔ እንጂ መቆፈሪያ ይዞ አያውቅም አለኝ። ስልክ አውጥቶ የሚቀርጸን ሁሉ ነበር። እማዬ ወንበሯ ላይ ሆና አንዴ እኔን አንዴ እሱን እያየች ዝም።

በዚህ መሃል አቶ ገመቹ ግንዱን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው፣ ለመሆኑ ይህን ዋንዛ ያልነቀለው ማን ነው ብለው ጠየቁ። እሳቸው እንዳስረዱን በእነሱ ማሳ ዋንዛ ብዙ ጊዜ ሰው አይተክለውም። ወፏ ፍሬውን በልታ የትም ትጥለዋለች፣ ቡናና እንሰቱ መሃል ይበቅላል። አራሚው መቆፈሪያውን ይዞ ሲመጣ አንዱን ይነቅላል፣ አንዱን ያልፈዋል። ዛፉ ዛፍ የሚሆነው ያን ቀን ከታለፈ ነው፤ ስለዚህ የሚጠየቀው የተከለው ሳይሆን ያልነቀለው ነው አሉ። ቡና አገር ፍስሐ ገነት ያደገችው ባለቤቴ ኤልቤቴል ከአጠገቤ ቆማ፣ ይህን ሳታውቅ ነው እስከ ዛሬ ዋንዛ ስትሥል የኖርከው ብላ ታዘበችኝ። የእኛ ወላጆች ሰው ካልተከለ ዛፍ ከማይታይበት አገር የመጡ ናቸው። ኮሚቴውም በእኛው ዓይነት ሰው ስለተሞላ፣ ተካይ የሌለው ዛፍ ይኖራል ብሎ ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም። አቶ ገበየሁ ታፔላው የሚለው የተከለው ነው፣ ተካዩ ያልታወቀ ዛፍ አይመረጥም ብሎ ሁሉንም ወደሚቀጥለው ሰፈር ነዳቸው። የእኛ ዋንዛ እንዲህ ሆኖ ቀረ።

ሰው ሲበተን ንዴቴን እማዬ ላይ ተወጣሁት። የባልሽ ስም በአደባባይ ሲጣል እንዴት ዝም ትያለሽ አልኳት። እሷ ግን ተረጋግታ፣ ምን ብዬ ልናገር አለችኝ፤ አባትህ አልተከለውም፣ ሊነቅለው ነበር እንጂ።

እታለም፣ ይህን ታስታውሺው እንደሆነ አላውቅም። አንቺ ሁለተኛ ክፍል ነበርሽ፤ እኔ ገና እማዬ ጀርባ ላይ ነኝ። አባዬ በአጥሩ ጥግ ጎመን ሊያበቅል መሬቱን ይቆፍራል፣ ጋሽ ባልቻ በወዲያ በኩል አጥሩን ቀጥ አድርጎ ለማጠር ገመድ ወጥሯል። አንቺ ያን ሁለት ሦስት ቅጠል ያወጣ ነገር አየሽውና ማድ ቤት ገብተሽ ቂጡ የወለቀ ቅርጫት አመጣሽ። ደፋሽበትና አጠገቡ ቁጭ አልሽ። አባዬ መቆፈሪያውን ይዞ ሲደርስ ዶሮ ታቅፋለች፣ እንዳትነካት አልሽው። ጋሽ ባልቻንም እንደዚያው፣ ዶሮዋን ታስደነብራታለህ ብለሽ ገመዱን ወደ ራሱ ግቢ እንዲያጎብጥ አደረግሽው። በግቢያችን ደግሞ አንዲትም ዶሮ አልነበረችም። አባዬ ይህን አሳምሮ ያውቃል። እማዬ እንደነገረችኝ፣ እሺ እስክትፈለፍል እንታገሣታለን ብሎ ዙሪያውን ቆፍሮ አለፈ። ክረምቱ ሲወጣ ዋንዛው በቅርጫቱ ቂጥ ብቅ አለ። አባዬም ነፍሱን ይማረውና ዶሮሽ ስንት ፈለፈለች እያለ ሲያሾፍብሽ ኖረ።

በማግስቱ ይህን ለጋሽ ባልቻ ስነግረው የለስላሳ ሳጥን ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ለካ ዶሮዋን ረስቶ አጥሩን ብቻ ሲያስታውስ ኖሯል። የትም ሄጄ እመሰክራለሁ ብሎኝ አብረን አቶ ገበየሁ ዘንድ ሄድን። ምርጫው ተዘግቷል አለን። የታፔላው ቃልም በስብሰባ የጸደቀ ስለሆነ የተከለው እንጂ ያልነቀለው ተብሎ አይጻፍም፣ ለአንዲት ዶሮ ወሬ ደግሞ ኮሚቴ አይጠራም አለን። ዶሮዋም እኮ የለችም አለው ጋሽ ባልቻ። ይብስ ግራ ገባው።

ስለዚህ ተመልሼ ከበዓሉ ታፔላ ከተረፈው ላሜራ አንዱን ቆረጥኩ። ለገዛ ግቢዬ የማንንም ስብሰባ አልጠብቅም። ይህን ዋንዛ ያልነቀለችው ብዬ ጻፍኩና ስሙ ጋ ስደርስ ብሩሼን አስቀመጥኩ። ያልነቀለችው ጽጌማርያም ብዬ ሰቅዬው በሳምንቱ መጋዝ ካመጣሁ የሰፈሩ መሳቂያ እሆናለሁ። ታፔላው አሁን ግድግዳው ላይ ተደግፎ ስም ይጠብቃል።

ተናድጄብሻለሁ እታለም፤ ልደብቅሽ አልችልም። በአሥራ ምናምን ሰዓት መንገድ ርቀት ላይ ሆነሽ ቁረጥ ስትዪኝ፣ ዛፉን የማታውቂው ሰው ነሽ ብዬ ነበር የተናደድኩት። አሁን የሚያናድደኝ ከሁላችን ቀድመሽ ያወቅሽው አንቺ መሆንሽ ነው። የሀኒን ነገር አልዘነጋሁም፤ የእኔም ልጅ ናት። ክፍሎቹ እኔ ታፔላ የምጽፍበት ቤት ባለበት በኩል ይሠሩ። ቤቱን አፍርሼ ቦታውን እለቃለሁ፤ እኔ ሥራዬን ከዋንዛው ሥር ዘርግቼ እሠራለሁ፣ ሲዘንብ ጋሽ ባልቻ በረንዳውን ፈቅዶልኛል። አይሆንም፣ የግድ ዋንዛው ይቆረጥ ካልሽም ታላቄ ነሽ፣ ቃልሽን አላጥፍም። ግን ለእኔ አትደውዪ። ለእማዬ በእጅሽ ጽፈሽ ላኪላት፤ እኔ ጥላው ሥር ቁጭ ብዬ አነብላታለሁ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ባለሱቁ ፈይሰል ነው፤ ኮምቦልቻ ዕቃ ሊጭን ይመጣል፣ ምሳ ሳይበላ እንዳትለቂው። ጋሽ ተክለብርሃንን ጉልበቱን እንዲያሞቅ ንገሪልኝ፤ ሰላምታዬም ይድረሰው። ሀኒን አጎትሽ ያለውን ሁሉ ይለቅልሻል፣ አንቺ ብቻ ፈተናሽን እለፊ በያት። ለነብዩ የዋንዛ ሥዕል ጠቅልዬ ልኬለታለሁ፤ ቅርጫቱም አለበት፣ ምን እንደሆነ ከጠየቀሽ አንቺው ንገሪው። ኤልቤቴልን በጣም ናፍቀሻታል። ጋሽ ባልቻም እጅ ይነሳል። እማዬ ደግሞ ምን ልበልልሽ ስላት ብዙ ካሰበች በኋላ፣ ሌላ ነገር አትጻፍ፣ ዶሮዋ ገና እንደታቀፈች ናት በላት ብላኛለች።

ታናሽ ወንድምሽ ጥበቡ
ዲላ፣ ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.