የጥጉ ልብስ ሰፊ

ጥቅምት 3
ከሚፈርሰው ሲኒማ ቤት ወደ ፊልም ማኅደራችን አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ፊልም መጣልን። ክዳኑ ላይ «የገበያው መንገድ ሱቆች» ይላል። ድምፅ የለውም፤ ያኔ ፊልም ገና አፉን አልፈታም። ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ዳቦ ጋጋሪው፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ኮርቻ ሰፊው... ሁሉም ሥራቸውን ትተው ካሜራው ላይ ያፈጣሉ። ሃያ ሦስት ቦታ ተበጥሷል። መጠገኑ የኔ ፋንታ ነው። ወገቤን አሞኝ ገባሁ።

ጥቅምት 5
እራት ላይ ለእማዬ ነገርኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠች።
«ጥግ ላይ ልብስ ሰፊ አለ?»
አለ። ሪዛም፣ ሜትር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ።
«አባቴ ነዋ! ሱቁ እዚያ ጥግ ላይ ነበር።»
አያቴ የሞተው እሷ አራት ዓመቷ ሳለ ነው። ፎቶ የለውም። መልኩ ጠፍቶባታል ለካ... ሰባ ዓመት ሙሉ! እንዴት እስከ ዛሬ አልነገረችኝም?
«ካየሁት አውቀዋለሁ» አለች።
«ጠግኜ ልጨርስና አሳይሻለሁ።»

ጥቅምት 12
እንዲሁ ላሳያት ብዬ አለቃዬን ለመንኩት። «ሳይጠገን ማሳያው ማሽን ላይ ከወጣ ይበጣጠሳል። ሌላ ቅጂ የለውም» አለኝ። እውነቱን ነው።
«ከፊልሙ አንድ ፎቶ ብቻ ላሳጥብልሽ?» አልኳት እማዬን።
«ፎቶማ በድን ነው። ሲሠራ ልየው እንጂ።» ቀሚሷን አስተኩሳ ትጠብቃለች።

ጥቅምት 19
ጠዋት «መጋረጃውን ግለጪልኝ» አለችኝ። ተገልጦ ነበር። ፀሐዩ ፊቷ ላይ...
ሐኪሙ አንጎሏ ውስጥ ደም ፈሷል አለ። ዓይኗ አይመለስም።
ያልጠገንኩት አራት ቦታ ብቻ ነበር የቀረኝ። ምናለ ያኔውኑ ባሳየኋት! ቢበጣጠስስ?

ጥቅምት 24
ጨረስኩት። ብቻዬን አየሁት። የልብስ ሰፊው ሠላሳ ሰከንድ አይሞላም። ከዚያ ሆስፒታል ሄጄ በአፌ ነገርኳት። ክር በጥርሱ ይበጥሳል፤ ጨርቅ ያራግፋል፤ ያስላል... ማሳሉን ሳልነግራት ተውኩት።
«በሩ ላይ ልጅ አለች? ሁልጊዜ እዚያ ነበር የምቀመጠው።»
በሩ ላይ ማንም የለም።
«አለች» አልኳት።
«ያያታል?»
«ያያታል፣ እማዬ።»
እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ። ደግ አደረግሁ? እንጃ።

ኅዳር 2
እማዬን ከቀበርን ስድስት ቀን ሆነ። ዛሬ ሥራ ገባሁ።
አለቃዬ የፊልሙን መግለጫ ካርድ ሰጠኝ። «አያትሽ ነው አይደል? ስሙን ጻፊው። ማን ይከለክልሻል?»
ብዕሬን አነሳሁ። አይታ «እሱ ነው» ልትለኝ የምትችል አንድ ሰው ነበረች።
«ልብስ ሰፊ። ማንነቱ አልታወቀም» ብዬ ጻፍኩ።